አንድ ክንድ ምርቃት

ባለፈው ቅዳሜ ለጉርድ ቀሚሴ ወገብ የሚሆን ላስቲክ ልገዛ መርካቶ አዲሱ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ሻጯ ጥፍሯን አሳድጋ ቀይ የቀባች ወጣት ናት። ላስቲኩን በብረት ሜትር ለካች፣ በመቀስ ቆረጠች፣ ከዚያ ጫፉ እንዳይተረተር ብላ ላይተር ለኮሰችበት። ጫፉ ጨስ ብሎ ተኮማተረ፤ ጥቁር ዶቃ ሠራ። የቀለጠ ናይለን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዝኩ። «አመመዎት እንዴ፣ ማዘር?» አለችኝ። ሽታው ነው አልኳት። ቶሎ ይጠፋል ብላ በእጇ አራገበችልኝ። ለእሷ ጠፋ። እኔ ግን ከዚያ ፎቅ ላይ ቆሜ፣ ሽታውን ተከትዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ይህ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ድሮ የቆርቆሮ ሱቆች ረድፍ ነበር። ክረምት ላይ በቆርቆሮው መጋጠሚያ ውሃ ስለሚወርድ ዕቃችንን በሸራ እንሸፍን ነበር። ወደ ላይ ሲሄዱ ጭድ ተራ፣ ወደዚያ ሲታጠፉ እህል በረንዳ። ከጎጃም ልጅ ሆኜ መጥቼ አክስቴ ቤት ስቀመጥ አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። አክስቴ ወስዳ እትዬ ወርቅነሽ የምትባል ክር ነጋዴ ዘንድ አስቀመጠችኝ። እትዬ ወርቅነሽ ወፍራም፣ ነጭ ሻሽ የማይለያት፣ ስትስቅ ድምፅ የማታወጣ ሴት ነበረች። የመርካቶን ነገር ያወቅሁት ከእሷ ነው። ያኔ አንድ ጥቅል የስፌት ክር በስሙኒ ነበር፤ ጥሩው በሽልንግ። ሻይ ጠጥቶ ብስኩት ገምጦም ከሽልንግ መልስ ይገኝ ነበር። ወንዶቹ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ ማበጠሪያቸውን ጠጉራቸው ላይ ሰክተው ያልፋሉ። ከማዶ ያለው የካሴት ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ አንዱን ዘፈን ጠዋትም ማታም ያዘፍነዋል፤ ኩሊዎቹ ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ ከዘፈኑ ጋር እኩል ይራመዱ ነበር። ቃሉን ዛሬም አውቀዋለሁ፤ ዜማው ግን ከአፌ አይወጣም።

እትዬ ወርቅነሽ ገጠሬ ደንበኛ መጥቶ «ይሄ ክር ጥጥ ነው ወይስ ናይለን?» ብሎ ከጠረጠራት አትከራከርም። ክብሪት ታወጣለች። «ክብሪት ይፍረድ» ትላለች። አንድ ጣት የምታህል ክር ቆርጣ ትለኩሰዋለች። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ በጣት ሲነኩት ይበናል። ሱፍ ከሆነ ጠጉር ጠጉር ይሸታል። ናይለን ከሆነ አይነድም፤ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ ድንጋይ ይሆናል። በረድፋችን ውስጥ የእሷን ክብሪት የማያምን አልነበረም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሌላ መሐላ ሳይጠይቅ ከፍሎ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ናይለን መልበስ ትልቅ ነገር ነበር። ጓደኛዬ አስናቀች ለጥምቀት የእህቷን ናይለን ቀሚስ ተውሳ ለበሰች፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብላ። ሰማያዊ ሆኖ ነጭ አበባ ነበረበት፤ ስትራመድ ይንሿሿል። ከጃን ሜዳ ስንመለስ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ከሰሏ ላይ ስታራግብ ፍንጣሪ ዘለለ። ቀሚሱ አልነደደም። ቀልጦ ጭኗ ላይ ተለጠፈ። ስንነቅለው የመጣው ቀሚሱ ብቻ አልነበረም። አስናቀች ከዚያ ወዲህ አጭር ቀሚስ አልለበሰችም፤ እኔም ናይለን የነካው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። ልጅ ስወልድ እንኳ የመጀመሪያ ሥራዬ የተሰጡኝን የሕፃን ልብሶች ጫፋቸውን ቆርጬ በክብሪት ማየት ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ልጅቷን ከማጥባትሽ በፊት ትፈትኛታለሽ ወይ?» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ልጄ ሰናይት ናት። አንድ ናት። አባቷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ሞተ፤ እኔ ክር፣ ላስቲክ፣ ዚፕና ቁልፍ እየሸጥኩ አሳደግኳት። መንገድ ስትሻገር ድምፄ እስኪዘጋ የምጮህ፣ ትኩሳት ሲይዛት ወጥ ሲያርብኝ እንኳ የማይሸተኝ እናት ነበርኩ። እሷ ደግሞ የሚወድቅ ነገር ትወዳለች። የልብስ ቁልፎች ከመደብ ላይ ወርውራ የትኛው ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ ታያለች። የከረሜላ ወረቀት በክር አስራ ከሰገነት ትለቃለች። ተይ ስላት «እማዬ፣ እንዴት እንደሚያርፍ እያየሁ ነው» ትለኛለች። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ጨረሰች፣ ጥቁር ካባ ለብሳ ፎቶ ተነሣች። ከዚያ ሥራ አልተገኘም። ጠዋት ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታ ትሄዳለች፣ ከሰዓት መጥታ እኔ አጠገብ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ካባ የለበሰች ልጅ ዚፕ ስትሸጥ ማየት ለእናት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ታዲያ በዚያ መሐል እንደ እሷ ሥራ ያጡ ልጆች ተሰብስበው ሮኬት የሚሠሩበት ማኅበር ገባች። የጦር አይደለም። ከካርቶንና ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ወጥቶ የሚመለስ ነገር ነው። አንድ መምህር ነበራቸው፤ እሱ ከአንድ ትልቅ ድርጅት ሰዎች ጋር ይተዋወቃል። ሰዎቹ መጥተው እንደሚያዩ፣ ሮኬቱ ሳይሰበር የተመለሰለት ልጅ ሥልጠና እንደሚገባና ከሥልጠናው በኋላ እዚያው እንደሚቀጠር ነገራቸው። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ሌላ ሆኖ ነበር። ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት አልኳት። «ከፍታው አይደለም፣ እማዬ። ማንም ያወጣዋል። መመለሱ ነው ሥራው» አለችኝ። እኔ ያኔ የተመኘሁት ሰማይ አልነበረም። ወንበር ነው የተመኘሁት፤ ልጄ ዱካውን ትታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ማየት።

እንዴት እንደሚመለስ ማታ ማታ ታስረዳኛለች። ወደ ላይ ሄዶ ሲደክመው ውስጡ ያለች ጥቂት ባሩድ ትፈነዳለች፤ ፍንዳታው የሮኬቱን አፍንጫ ከገላው ነቅሎ ይወረውረዋል፤ በዚያ ክፍተት ፓራሹት የሚሉት የጨርቅ ጃንጥላ ይወጣል። አፍንጫውና ገላው ግን መለያየት የለባቸውም። በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ ጃንጥላው ሁለቱንም ይዞ በዝግታ ያወርዳል። ገመዱ ከተበጠሰ ጃንጥላው አፍንጫውን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ገላው እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የታየኝ ከታች የሚያልፍ ሰው ነው፤ ቅርጫት ተሸክሞ የሚሄድ፣ ምንም የማያውቅ ሰው። «በሰው ራስ ላይ ቢወርድስ?» አልኳት። «ለዚያ ነው ገመዱን ካንቺ ጋር የምመርጠው» አለችኝ። ይህን በማለቷ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ክርና ገመድ ስሸጥ ኖሬ ልጄ ስለ ክር የጠየቀችኝ ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው ከእኔው መደብ ላይ የነበረውን ሰፊ የወገብ ላስቲክ ነው። ይለጠጣልና ንዝረቱን ይውጠዋል ብላ ነበር። ከቤታችን ጣሪያ ወራጅ ላይ አሰርንና በጫፉ አሸዋ የሞላንበትን ጣሳ ለቀቅን። ላስቲኩ ጣሳውን ተቀብሎ ወደ ላይ መልሶ ወረወረው፤ ጣሳው ወራጁን መታ፣ አሸዋው ጠጉራችን ላይ ፈሰሰ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ግድግዳ እየደበደበች ቤት እያፈረሳችሁ ነው ወይ አለች። ሰናይት እየሳቀች ላስቲክ ይቅር አለች፤ ሰማይ ላይ አፍንጫውን ከገላው ጋር ያጋጨዋል፣ ደግሞ ሲከርም ይደርቃል። እውነቷን ነው፤ የሁለት ክረምት ላስቲክ ስትስበው እንደሚሰነጠቅ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ የቃጫ ሲባጎ ሞከርን፤ ዝም ብሎ ክብደት ይሸከማል እንጂ ድንገት ሲነጠቅ ተበጠሰ። የጥጥ ጥብጣብ ነጠቃውን ቻለ፤ በክብሪት ስናየው ግን ጠቆረና በጣት ስንስበው ለቀቀ። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍር፣ ኩሊዎች ጭነት የሚያስሩበትን፣ ከጎማ ተራ አምጥተን ነበር፤ እሱ ሮኬቱን ያህል ይከብዳል። የቀረን የናይለን ገመድ ነው። ነጠቃውን ሳይነቃነቅ ቻለ። እየፈራሁ ክብሪቱን ለኮስኩ። ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ የአስናቀች ቀሚስ ሽታ ቤቱን ሞላው። «ይሄ ባሩድ አጠገብ አይሆንም» አልኩ። ሰናይት ዶቃውን በጣቷ አንከባለለች። በመጽሐፍ ያነበበችው አንድ ቢጫ ገመድ እንዳለ፣ እሳት እንደማይበላው፣ ሮኬት የሚሠሩ ሁሉ ከባሩዱ አጠገብ እሱን እንደሚያስሩ፣ እዚህ አገር ግን እንደማይገኝ ነገረችኝ። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም አልኳት። ያን ጊዜ እንዲህ ማለት እችል ነበር።

ሚሊተሪ ተራ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ክንዳቸው ረጅም፣ ነጭ ቆባቸው ሁልጊዜ የታጠበ። አሮጌ የወታደር ቡትስ፣ ኮዳ፣ ካኪ፣ ቀበቶና ገመድ ይሸጣሉ። ገመድ የሚለኩት በሜትር አይደለም፤ በክንዳቸው ነው። ለዚህ ነው ገመድ የሚፈልግ ሁሉ ሌላውን ሱቅ አልፎ እሳቸው ዘንድ የሚሄደው። አጠገባቸው የተቀመጠው ቀበቶ ሻጭ አጭር ነበርና «የጋሽ ሰይድ እናት ስትወልዳቸው ለንግድ ብላ ነው ክንዳቸውን ያስረዘመችው» እያለ ይቀልድባቸዋል። ምን ልታስሩበት ነው አሉን። እኔ ነገር ፈርቼ ለልብስ ማስጫ ነው አልኩ፤ የሮኬት ስም በዚያ ሰሞን በየሬዲዮኑ የሚጠራ ክፉ ስም ሆኖ ነበርና። ሰናይት ግን መዋሸት አትችልም። «ለሮኬት ነው፣ ጋሼ» አለች። ረድፉ ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ ቀበቶ ሻጩ እኔን «እትዬ ይመኙሻል፣ ከማን ጋር ልትዋጊ ነው? ከቀረጥ ጋር ከሆነ እኔም አለሁበት» አለና ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ጉዳዩን ከሥሩ ጠየቁ።

«ወጥቶ የት ይደርሳል፣ ልጄ?»

«የትም አይደርስም፣ ጋሼ። ይመለሳል።»

«ከተመለሰ ታዲያ ምን አስወጣው?»

ሰናይት ሥራውን ነገረቻቸው፤ ሰዎቹ መጥተው እንደሚያዩ፣ የሚያዩትም መመለሱን እንደሆነ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ሐጅ ነው ማለት ነው አሉ፤ መሄዱን ሁሉም ይሄዳል፣ በሰላም መመለሱ ነው ደስታው። ከዚያ ወደ ሱቁ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ዕቃ ሲወድቅ፣ ሲስሉ፣ ለራሳቸው ሲያወሩ ይሰማናል። ሲወጡ አቧራ የጠጣ ቢጫ ገመድ ይዘዋል። ከአሮጌ የአውሮፕላን ዕቃ ጋር የመጣ ነው፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም አሉ። ቀበቶ ሻጩ ኦርጅናል ነው ወይስ ሁለተኛ ኦርጅናል ሲላቸው፣ ክብሪት ይፍረድ ብዬ እኔ ቀደምኩ። ጫፉን ለኮስኩት። ክብሪቱ ጣቴ እስኪደርስ ይዤው ነበር። ገመዱ ጫፉ ላይ ቀላ፣ ጠቆረ፣ አልቀለጠም፣ አልተንጠባጠበም። ምንም አልሸተተም። ሰናይት ገመዱን ሁለት እጇ ላይ ጠምጥማ ሳበችው፣ ደግማ ሳበችው፣ ከዚያ አቀፈችኝ። ገበያ መሐል አቅፋኝ አታውቅም ነበር።

ጋሽ ሰይድ በክንዳቸው ለኩት። ለሰናይት የሚበቃውን ያህል አልነበረም። ገመዱ ረጅም መሆን አለበት፤ የሮኬቱን ቁመት ደጋግሞ ካልበለጠ ነጠቃው ይበረታል። ትንሽ ይጎድላል አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይከፋቸው። ጋሽ ሰይድ እንደገና ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሌላ ቁራጭ ይዘዋል፤ ያው ቢጫ፣ ያው ውፍረት፣ አንዱ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ተሰፍቶበት። «ወንድሙ ነው» አሉ። «ከዚያው ሣጥን ነው ያወጣሁት። ይቺ ደግሞ ምርቃት ናት፣ ልጄ። ገንዘብ አልቀበልባትም። ወጥቶ ይመለስ፣ አንቺም ከፍ በይ።» አንድ ክንድ ሙሉ ነበረች፤ የእሳቸው ክንድ። እኔና ልጄ ራሳችንን ዝቅ አድርገን በሁለት እጃችን ተቀበልን። አሜን አልን።

የዛሬ ልጅ ላያውቅ ይችላል። ምርቃት ማለት ሻጭ ከለካው በላይ የሚጨምረው ነው፤ ጤፍ ሲሰፈርልህ በእፍኝ የምትጨመረው፣ ሎሚ ስትገዛ ከቁጥሩ በላይ የምትገባው። ቃሉ ያው የሽማግሌ ምርቃት ነው። ጨማሪው ይመርቅሃል፣ አንተ አሜን ትላለህ። ሻጭ የለካው ይመረመራል፣ ይዳሰሳል፣ ይሸተታል፣ እንደኔ ያለችው ክብሪት ታበራበታለች። ምርቃት ግን አይፈተንም። አንድ ሽማግሌ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ከፍ በይ እያለ ክብሪት ማውጣት ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው? እትዬ ወርቅነሽም ብትሆን አታደርገውም። እኔም አልታሰበኝም፤ ሰናይትም አልታሰባትም። በመንገድ ላይ ያቺን ቀለበት እያየች ከገላው ጋር ለማሰር ትመቻለች፣ አዲስ መስፋት አያስፈልገኝም አለች። ሁለቱን ገመዶች እኔ ባስተማርኳት ቋጠሮ አጋጠመቻቸው፤ ስቤ አየሁት፣ ጥብቅ ነው። ምርቃቷ ከታች፣ ከባሩዱ አጠገብ ሆነች።

የተወረወረበት ሜዳ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ከልጆቹ ጋር በሚኒባስ ሄድኩ፤ እናት አትምጣ አልተባለም ነበር። ዝናብ የጣለበት ሜዳ ነው፤ ከማዶ ጤፍ ተዘርቷል፣ በጤፉ ዳር ሰዎች ይሄዳሉ። እኔ ሰማዩን ሳይሆን እነሱን ነበር የማየው። እየሮጥኩ ሄጄ በዚህ አትለፉ አልኳቸው፤ አንዲት ሴት ምን ሊመጣ ነው አለችኝ፣ ሮኬት ማለት ፈርቼ በእጄ ዞሩ አልኳቸው። እንግዶቹ መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ እግራቸውን የሚመርጡ። ከሰናይት በፊት የተወረወሩት አንዱ ወደ ጎን ሄደ፣ አንዱ ጨርሶ አልተነሣም። የእሷ ተነሣ። ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ አሰማና ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሄዶ ሄዶ ነጥብ ሆነ። ከዚያ ከሩቅ ጣ አለ። ብርቱካንማ ጃንጥላ ሰማይ ላይ ተከፈተ። ልጆቹ ጮኹ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ሁሉም ሰው ጃንጥላውን ያያል። ጃንጥላው በጣም ቆንጆ ነበር፤ እየተወዛወዘ፣ በቀስታ፣ ፀሐይ እየበራበት ይወርዳል። ከእሱ ተለይቶ የሚወርደውን ነጭ ነገር፣ የሮኬቱን ገላ፣ ያየነው እኔና ሰናይት ብቻ ነን ብዬ አምናለሁ። ጤፉ ውስጥ ገባ። ማንንም አልነካም፤ ለዚህ ዛሬም ድረስ አምላኬን አመሰግናለሁ። የምስጋናዬ ወሰንም እዚያ ድረስ ነው።

ጭቃ ውስጥ ገብተን አገኘነው። ቱቦው ለሁለት ተሰንጥቋል። ቀለበቷ እንደታሰረች ናት፤ ቋጠሮዬም አልተፈታም፣ በላይ በኩል ከጃንጥላው ጋር ሳይነቃነቅ ወርዷል። የተበጠሰው መሐሉ ነው። ሰናይት የተበጠሰውን ጫፍ አንሥታ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው። ጥቁር፣ ጠንካራ ዶቃ ነበረበት። ማየት አላስፈለገኝም፤ ሽታው ደርሶኝ ነበር። ምርቃቷ ናይለን ነበረች። ቢጫነቷ፣ ውፍረቷ፣ ሣጥኗ ሁሉ አንድ ሆኖ ወንድሙ አልነበረችም። ሰናይት አላለቀሰችም። ጫፉን በመዳፏ ጨብጣ «ክብሪት ያላየው እሱን ብቻ ነው» አለች። መምህሩ «ጥሩ ከፍታ ነበረው፣ የሚቀጥለው ዓመት ታስተካክይዋለሽ» አላት። የሚቀጥለው ዓመት ግን አልመጣም። ዘመኑ ከፋ፣ የሮኬት ስም በየቤቱ የሚያስለቅስ ስም ሆነ፣ የማኅበሩ ልጆች ቱቦና ባሩድ ይዘው መገኘት ፈሩ፣ መምህሩም ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ያን ቀን የመጡት እንግዶች ዳግመኛ አልተሰሙም።

ከተወረወረ ብዙም ሳይቆይ እኔና ሰናይት በሚሊተሪ ተራ ስናልፍ ጋሽ ሰይድ ከሩቅ አይተው ተነሡ። በዚያ በኩል ማለፍ አልነበረብንም፤ ዝናብ ሌላውን መንገድ አጨቅይቶት ነው።

«ወጣ?» አሉ።

«ወጣ፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩ።

«ተመለሰ?»

እኒያ ረጃጅም ክንዶች ወደ ፊት ተዘርግተው ነበር። ሰናይት ከኋላዬ «ተመለሰ፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «አልሐምዱሊላህ! ያቺ ምርቃት ናት» አሉ። «አዎ ጋሼ፣ እሷ ናት» አለች ልጄ። ቀበቶ ሻጩን ጠርተው ሰማህ ወይ አሉት። ከዚያ በኋላ ገመድ ለሚገዛ ሁሉ፣ ለበግ ማሰሪያ ለሚገዛውም ሳይቀር፣ የእሳቸው ገመድ ሰማይ ደርሶ በደህና እንደተመለሰ ይነግሩ ነበር። ረድፉ እስኪፈርስ ነገሩ። ሱቃቸው በፈረሰበት ክረምት ታመው ወደ ወሎ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ፤ ማረፋቸውን የነገረኝ ቀበቶ ሻጩ ነው። እስከ መጨረሻው ስለ ሮኬቱ እያወሩ ነበር አለኝ። ለሰናይት አልነገርኳትም።

ልጄ ስለ ሮኬት የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ያ «እሷ ናት» ያለችው ነው። ማስታወቂያ ማየት ተወች። መጽሐፎቿን በካርቶን አድርጋ ምናለሽ ተራ በኪሎ ሸጠቻቸው፤ ጃንጥላውን እትዬ ዘነቡ ለልጅ ልጇ ልብስ አደረገችው፣ ብርቱካንማው ልብስ ለረጅም ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ሲሮጥ ይታየኝ ነበር። እኔም መደቤ ከፈረሰ በኋላ እቤት ዋልኩ። ዛሬ ሰናይት በዚሁ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ፀሐይ የማይገባበት ቦታ፣ ካልሲና የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። ወንበር አላት። ከተመኘሁላት ወንበር የደረሰው የፕላስቲኩ ነው። ጠጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። ደህና ነሽ ወይ ስላት ደህና ነኝ ትላለች፤ አትዋሽም፣ ግን ከዚያ በላይ አትናገርም። በአንድ ነገር ብቻ ተለውጣለች፤ ምርቃት አትሰጥም፣ አትቀበልም። ቲማቲም ስትገዛ ሻጯ የጨመረችላትን ከፌስታሉ አውጥታ መልሳ ታስቀምጣለች። ሴቶቹ ይቆጣሉ። ምን ዓይነት እርግማን ነው ይሏታል።

ያን ቅዳሜ ላስቲኬን ይዤ ወደ ምድር ቤት ስወርድ አንዲት ወፍራም ደንበኛ ብዙ ካልሲ ገዝታ ትከራከራለች። «ይሄን ሁሉ ወስጄ አንዲት እንኳ አትመርቂልኝም?» ትላለች። «እዚህ የተቆጠረው ብቻ ነው፣ እትዬ» አለች ሰናይት፣ በትሕትና። ሴትየዋ ምርቃት የማያውቅ ሱቅ አይባረክም ብላ ከንፈሯን መጥጣ ወጣች። ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። ላስቲኩን ከእጄ ተቀበለች፤ ለስንት ሜትር እንደከፈልኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ለካችው። ሻጯ መመረቋን እኔ አላየሁም ነበር፤ ሽታው አፍዝዞኝ ሳለሁ አንድ ክንድ የምታህል ጨምራልኛለች። ሰናይት መቀሷን አንሥታ ትርፉን ለየችው። ጥቁሯ ዶቃ ከትርፉ ጫፍ ላይ ናት። አሸተተቻት። ከዚያ ቁራጯን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችብኝ።

«መልሺላት፣ እማዬ» አለችኝ።

ደረጃውን እንደገና ወጣሁ፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ በየመሐሉ እያረፍኩ ነው የምወጣው። ሻጯ ሌላ ደንበኛ ላይ ናት። ቁራጯን አሳየኋት፤ ተሳስተሽ ነው ይሄ የኔ አይደለም አልኳት። ሳቀች። አልተሳሳትኩም፣ የመረቅሁዎት ነው አለች። ልጄ መልሺ ብላኝ ነው አልኳት። ላይተሯን አስቀምጣ፣ ቀዩን ጥፍሯን አገጯ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ትክ ብላ አየችኝ።

«ምርቃት ይመለሳል እንዴ፣ ማዘር?»

«አይመለስም» አልኳት።